ወንድሜ ላንቃው ተበስቷል፣ የጠጣው በአፍንጫው ይወጣል፣ ንግግሩም አይሰማም፤ ምን እናድርግ?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ነገር ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለሚያውቀኝ ሰው መንገር ስላቃተኝ ነው እዚህ የምጽፈው። ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ብዙ ዓመት ውጭ አገር ኖሮ ባለፈው ዓመት ተመልሷል። ሲመጣ ከስቶ ነበር፤ አፍንጫው ሁሌ እንደታፈነ ነው፣ ደምና ቅርፊት ይወጣዋል። ሳይነስ ነው እያለ ሲሸፋፍን ቆየ። አሁን ግን ውኃ ሲጠጣ በአፍንጫው ይወጣል። ሽሮ ሲበላ በርበሬው ወደ ላይ ገብቶበት ዓይኑ በእንባ ይሞላና ተነስቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ከሰው ጋር ገበታ መቅረብ ትቷል። ንግግሩን የምንለየው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ ስልክ ላይማ ጭራሽ አይሰማም።

አንድ ማታ አፉን አስከፍቼ በስልኬ መብራት አየሁት። ላንቃው መሀል ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች። ዙሪያዋ ቀልቷል፣ ከውስጥ ጥቁር ቅርፊት ይታያል። ያኔ ነው እውነቱን የነገረኝ፤ እዚያ ሳለ ለረጅም ጊዜ ኮኬይን በአፍንጫው ይስብ ነበር። አሁን አቁሜያለሁ ይላል። ለእናቴ አልነገርናትም። እሷ በልጅነቱ እንጥሉን ያስቆረጥኩት ነው ይህን ያመጣበት ብላ ታለቅሳለች። ጎረቤት ደግሞ መተት ነው ይላል። አንድ ክሊኒክ ወስጄው ነበር፤ አፉን እንኳ ሳያዩት አንቲባዮቲክ ጽፈው መለሱን።

ቀዳዳው ይሰፋል? ንግግሩ በልምምድ ይስተካከል ይሆን? እስከዚያስ ምን ይብላ? የምታውቁ እባካችሁ።

ጮቄ፦
አይዞሽ እህቴ። እግዜር ይማረው። እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ ግን ክሩ ከላይ እንዲቆይ ብዬ ነው የጻፍኩት። እዚህ ሐኪሞች አሉ፣ ያዩታል።

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እናትሽን አሳርፊያት። እንጥል መቆረጥ የአጥንት ላንቃ አይበሳም። እንጥል የምትንጠለጠለው ከኋላ ካለው ለስላሳው ላንቃ ጫፍ ነው፤ አንቺ ያየሽው ቀዳዳ ግን እንደ አነጋገርሽ ከፊት በኩል አጥንቱ ላይ ያለ ይመስላል። እንጥል ማስቆረጥ ደም ስለሚያፈስና ስለሚያመረቅዝ መቅረት ያለበት ነገር ነው፣ በዚህኛው ግን እናትሽ ምንም ጥፋት የለባትም።

ኮኬይን የደም ሥርን ክፉኛ ያጠባል። በአፍንጫ በተሳበ ቁጥር የአፍንጫው የውስጥ ሽፋን ደም ያጥረዋል። ሲደጋገም ሽፋኑ ይሞታል፣ ከሥሩ ያለውም አጥንት ይራባል፣ ጀርም ይገባበታል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው መድኃኒቱ ራሱ ስለሚያደነዝዝ ሰውየው እየተበላ መሆኑ አይታወቀውም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበሳው ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ነው። ቀጥሎ የአፍንጫው ወለል ይሄዳል። የአፍንጫ ወለል ማለት ደግሞ የአፍ ጣሪያ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ነው ውኃው ሽቅብ የሚወጣው።

ሌላም አለ። ነጋዴዎቹ ዱቄቱን ለማብዛት ከሚቀላቅሉት አንዱ ሌቫሚሶል ነው። አዎ፣ ገበሬው ለበግና ለከብት የሆድ ትል የሚሰጠው ያው መድኃኒት። ሰው ላይ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል፣ የደም ሥርንም ያስቆጣል። ስለዚህ ሙሉ የደም ምርመራ ይደረግለት።

አሁን በጣም አጥብቄ የምነግርሽ፦ የወሰደውን ነገር ለሐኪሙ እንዳይደብቅ። የላንቃ ቀዳዳ የሚያመጣ ሌላም በሽታ አለ። ቲቢ አለ፣ የቆየ ቂጥኝ አለ፣ ካንሰርና ሊምፎማ አሉ፣ እኛ አገር ደግሞ አፍንጫና ከንፈር የሚበላ ቁንጭር አለ። ከዚህ ሌላ የሰውነት መከላከያ ራሱን የደም ሥር የሚያጠቃበት በሽታ አለ፤ እሱን ለመለየት የሚደረገው ኤንካ የሚባል የደም ምርመራ ኮኬይን በሚስብ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ታሪኩን ያልሰማ ሐኪም ታዲያ በሽታው ያ ነው ብሎ የሰውነት መከላከያን የሚያወርድ ከባድ መድኃኒት ሊያስጀምረው ይችላል። ኮኬይን ነው ብሎ ዝም ማለትም ልክ አይደለም፤ ከቀዳዳው ጠርዝ ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት፣ ሲቲ ስካንም ያስፈልጋል። መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ዳሞት፦
እኔ የማውቀው አንድ ሰው ነበር፣ ሲበላ ጥጥ በሰም ለውሶ ይወትፍበት ነበር። ይይዛል። ሐኪም እስክታገኙ እሱን ሞክሩ።

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)፦
ወንድሜ ዳሞት፣ በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ፣ ግን እባክህ ይህን አንምከር። ጥጥ፣ ማስቲካ፣ ሰም፣ ወረቀት ወትፈው የሚመጡ አሉ። የተወተፈው ወደ ላይ ሾልኮ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል፣ ይሸታል፣ ያመረቅዛል። ሲተኛ ወደ ኋላ ወርዶ የአየር ቧንቧ ሊዘጋም ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጠርዙን እየገፋ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

የዚህ መፍትሔ ውጭ አገር የሚያስሄድ አይደለም። ኦብቹሬተር የሚባል የላንቃ መሸፈኛ ፕሌት አለ። የሚወልቅ ጥርስ የሚሠራበት ያው ሮዝ አክሪሊክ ነው፤ በሽቦ ጥርስ ላይ ይያዛል፣ ቀዳዳውን ከሥር ይከድነዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አምብሯዝ ፓሬ የተባለ ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ሰው የላንቃ ቀዳዳ በዚህ መልክ ይደፍን እንደነበር ተጽፏል። የሚወልቅ ጥርስ የሚሠራ የጥርስ ክሊኒክ ይህንንም መሥራት ይችላል፣ ጉዳዩ ጥንቃቄው ላይ ነው። የአፉ ልክ ሲወሰድ አፍ ውስጥ የሚደረገው ሊጥ መሰል ነገር በቀዳዳው ወደ አፍንጫ ገብቶ እንዳይደርቅ ቀድሞ ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ መደረግ አለበት። ይህን እንደሚያደርጉ ጠይቂ። አናደርግም ካሉሽ ሌላ ቦታ ሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ፕሌቱ ከላይ ለጥ ብሎ ቢከድነው ይበቃል። ወደ ቀዳዳው ውስጥ በጉልበት የሚገባ ጉብታ እንዲሠራለት አትጠይቂ፣ ጠርዙን ይጎዳዋል።

የማርቆስ ልጅ፦
ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ እንጥሉ ያሉትን ለእናቴ አነበብኩላት። ግን ፕሌት ከሆነ ዕድሜ ልኩን ሊያደርገው ነው? ስፌት አይቻልም ማለት ነው?

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)፦
ይቻላል። አሁን ግን አይደለም። ስፌት ደም የሚያገኝ ጤነኛ ሥጋ ይፈልጋል፤ ሱሱን ገና ካልተወ ወይም ጠርዙ እየሞተ ከሆነ የተሰፋው ይለቃል፣ ሲለቅ ደግሞ ቀዳዳው ከበፊቱ ይሰፋል። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ቢያንስ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሙሉ በሙሉ ካቆመና ቁስሉ ባለበት ከቆመ በኋላ ነው የሚያስቡት፤ አንዳንዶቹ በሽንት ምርመራ ያረጋግጣሉ። በዚህ ማንም አይቀየም፣ ለራሱ ነው። ሲሠራም ትንሹን ከራሱ ከላንቃው ወይም ከጉንጩ ሥጋ አዙረው ይደፍኑታል፣ ትልቁን ከምላስ ወይም ከክንዱ ከደም ሥሩ ጋር በተወሰደ ቆዳ። የመጨረሻው ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው። እስከዚያ ፕሌቱ ያኖረዋል። ስፌት ሳይፈልጉ በፕሌት ብቻ የሚኖሩም አሉ። እሱንም መናቅ የለብንም።

ከስደት ተመላሽ (ዳንግላ)፦
ይህን ክር ሳነብ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት። እኔም ያው ነኝ። ያው መድኃኒት፣ ያው ቀዳዳ። ፕሌት አድርጌያለሁ።

ወንድምሽ ከገበታ ለምን እንደሚነሳ በደንብ ነው የሚገባኝ። ሰው ፊት ቡና ስትጠጣ በአፍንጫህ ሲወርድ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጥህ ትመርጣለህ። ሠርግ ቀረሁ፣ ልቅሶ ቀረሁ። ልቅሶ መቅረት እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሰው ኮርቷል አለኝ።

ልክ የተወሰደልኝ ባሕር ዳር ነው። ጎዙን በክር አስረው ነው ያስገቡት፣ ክሩ በአፌ በኩል ተንጠልጥሎ ነበር፣ ሲጨርሱ ስበው አወጡት። አላመመኝም፤ ማስመለስ ብቻ ነው የመጣብኝ። ፕሌቱ ሲደርስ ሐኪሙ አፌ ውስጥ አስገብቶ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጠኝ። ጎንበስ ብዬ ጠጣሁ፣ መሀረቤን አፍንጫዬ ሥር ይዤ። ምንም አልወጣም። ከክሊኒኩ ደጅ ሆኜ ለሚስቴ ደወልኩ። አንዴም ድገመው ሳትለኝ አውርተን ጨረስን።

በመጀመሪያ ምራቅ ይበዛል፣ አፍህ ውስጥ ባዕድ ነገር ያለ ይመስልሃል፣ ሰ ስትል ያፏጫል። ይለመዳል። ከበላሁ በኋላ ሁሌ አውልቄ አጥበዋለሁ። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ነው፣ በፈላ ውኃ በፍጹም አይሆንም፣ ይጣመማል። ማታ አውልቄ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አኖረዋለሁ፣ እንዲህ አድርግ ያለኝ ሐኪሙ ነው። አፍንጫዬን ደግሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አጥበዋለሁ፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው። ቅርፊቱ በጣት አይነቀልም። ይህን አደራ በይው፤ በጣት የነቀለ ሰው ቀዳዳውን ራሱ ነው የሚያሰፋው።

ቆሎ ይተው። የቆሎ ገለባ በቀዳዳው ገብቶ ሲቀረቀር የሚያደርሰውን ሥቃይ ለጠላቴም አልመኝም።

እናት ዓለም (ቡሬ)፦
ልጆቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ አሳድጌያለሁና ምግቡን በተመለከተ ልንገርሽ። ቀጭን ነገር ነው የሚወጣው። ውኃ፣ ጠላ፣ ሻይ፣ ቀጭን ሾርባ። ወፈር ያለ ነገር ይወርዳል። አጥሚቱን ወፈር አድርጊው። የዳጉሳ ገንፎ በቅቤ፣ በጾም ደግሞ በተልባ። ሽሮውን ወፈር፣ በርበሬውን ቀነስ፤ አልጫ ቢሆንማ የተሻለ ነው። እንጀራውን ፍትፍት አድርገሽ አርጥቢው፣ ደረቅ ጥብስና ዳቦ ቆሎ ይቅርበት። በሶም ጨበጣው ይሻላል፣ በጥብጠሽ አትስጪው። ድንች ቀቅለሽ ፈጭተሽ በዘይት። ቁጭ ብሎ ቀና ብሎ ይብላ፣ ተኝቶ አይሆንም። ትንሽ ትንሽ ይጉረስ፣ ትንሽ ትንሽ ይጎንጭ። አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ አያውራ። ከስቷል ካልሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከፋፍለሽ ስጪው፣ አንዴ ብዙ አይችልም።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ፦
የሞጣ ልጅ ነኝ፣ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። እናት ዓለም ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፣ አንድ ብቻ ልጨምርበት፦ ሲጠጣ በአፍንጫው መውጣቱ ሳይሆን ሲጠጣ የሚያስለው፣ የሚያንቀው ወይም ከጠጣ በኋላ ድምፁ የሚያንቦራጭቅ ከሆነ ውኃው ወደ ሳንባው መንገድ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቶሎ መታየት አለበት።

ስለ ንግግሩ። በ፣ ደ፣ ገ፣ ተ፣ ከ ስንል አየር አፋችን ውስጥ ይታመቅና ይለቀቃል። ላንቃ ሲበሳ አየሩ በአፍንጫ ያመልጣል። ያኔ በ ወደ መ ይጠጋል፣ ደ ወደ ነ። ወንድምሽ ‘ባሕር ዳር’ ሲል ‘ማሕር ናር’ እያለ ሊመስልሽ ይችላል። ሰ፣ ሸ፣ ፈ ደግሞ ጉልበት ያጣሉ፣ በአፍንጫ የሚነፋ አየር ይሰማባቸዋል። መ፣ ነ፣ ኘ ግን ደህና ናቸው፤ ድሮም በአፍንጫ ነው የሚወጡት። ሰው ነፍናፋ እያለ የሚሰድበው ይህንን ነው፤ ከስንፍናም ከአእምሮም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

አሁን ደግሞ ‘በልምምድ ይስተካከል ይሆን’ ላልሽው። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ልምምድ ዋጋ የለውም። ፊኛ ንፋ፣ ሻማ አጥፋ፣ በስትሮ አረፋ አውጣ እየተባሉ ወራት የሚደክሙ ሰዎች አሉ፣ በጣም ያሳዝነኛል። ቀዳዳ በመንፋት አይደፈንም። ከዚያ የሚብሰው፣ ሰውየው ሲታገል ቃሉን ጉሮሮው ላይ እየቆረጠ ማውጣት ይለምዳል። ‘ተ’ ማለት ሲገባው ከጉሮሮው ቆርጦ ያወጣዋል፤ ‘ከ’ የሚለውንም እንዲሁ። ይህ ልማድ ፕሌት ከገባ በኋላም አብሮት ይቀራል። የእኛ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ ቀዳዳው ተከድኖ፣ ምላሱን ወደ ቦታው መመለስ፣ አየሩን በአፍ እንዲያወጣ ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር።

ቤት ውስጥ የምታዪበት ቀላል ነገር አለ። ቀዝቃዛ ትንሽ መስታወት አፍንጫው ሥር ያዢና ‘ፓ ፓ ፓ፣ ታ ታ ታ፣ ሳ ሳ ሳ’ በይው። መስታወቱ ከጨፈገገ አየር እያመለጠ ነው። (‘ማ’ ካለ ማንም ሰው ያጨፈግጋል፣ በሱ እንዳትደነግጪ።) ፕሌቱ ከገባ በኋላ ድገሚው። ቀዳዳው በደንብ ተከድኖ መስታወቱ አሁንም ከጨፈገገ ለስላሳው ላንቃም ተነክቷል ወይም በትክክል አይነሳም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ መታየት አለበት፣ ፕሌቱም ወደ ኋላ መርዘም ሊኖርበት ይችላል።

እስከዚያ ሰው ሲያናግር ፊት ለፊት ይሁን፣ አፉን ከፈት ያድርግ፣ ቀስ ይበል፣ ስልክ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን። ባለሙያ በየከተማው የለም፣ እውነት ነው። ትምህርቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። የካቲት 12 ሆስፒታል ደግሞ የተሰነጠቀ ላንቃ ሲሠራ የኖረ ቤት ስለሆነ የላንቃን ነገር ያውቁታል። ከማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሪፈር ስታጽፊ ይህንን አስቢበት።

ቅን ፈራጅ፦
ይቅርታ አድርጉልኝ ግን ራሱ ገዝቶ ራሱ የሳበው ነገር ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው ይጨነቃል፣ ስንት ሕፃን ሕክምና አጥቶ።

ከስደት ተመላሽ (ዳንግላ)፦
ወንድሜ፣ ሕፃኑም ይታከም እሱም ይታከም። በር ዘግተህ ማንም የማያውቅህ አገር፣ ሌሊት ሥራ ቀን ሥራ ስትል አንድ ቀን አንድ ሰው ‘ይህ ያነቃሃል’ ይልሃል። ሰበብ እየደረደርኩ አይደለም። አንተ የጻፍከውን ዓይነት ቃል ፈርቼ ግን ሐኪም ቤት ሳልሄድ ቆየሁ፣ ቀዳዳውም በዚያው ሰፋ። ሌላው እንዲህ እንዳይዘገይ ብዬ ነው።

የአእምሮ ጤና ነርስ (ፍኖተ ሰላም)፦
ስለ ፕሌቱ ተነግሯል፣ ስለ ሱሱ ግን ማንም ብዙ አላለም። ‘አቁሜያለሁ ይላል’ ብለሻል እህቴ። ሊሆን ይችላል፤ እዚህ እንደዚያ አገር በየቦታው አይገኝም። ግን ሰውነቱ አቆመ ማለት ልቡ አቆመ ማለት አይደለም። ኮኬይን ለማስተው ተብሎ የተፈቀደ ክኒን የለም። ሕክምናው በዋናነት ምክር ነው፣ ክትትል ነው፣ ሰው ከጎን መሆን ነው። ካቆመ በኋላ ብዙ መተኛት፣ ድብርት፣ ምንም አለመጣፈጥ ይመጣል። ‘ብሞት ይሻለኛል’ ዓይነት ንግግር ከሰማሽ አትለፊው፣ በግልጽ ጠይቂው፣ ብቻውን አትተዪው፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ። ከሰው ተለይቶ የሚበላ ሰው ላይ ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

አረቄ ይተው። መጠጥና ኮኬይን አንድ ላይ ሲሆኑ ለልብ የበለጠ አደገኛ ነገር ይፈጠራል፣ መጠጥ ደግሞ ወደ ሱሱ መመለሻ በር ነው። ጫትም የደም ሥር ያጠባል፣ አፍም ያደርቃል፤ ቁስሉ የሚፈልገው ደም ነው። ሲጋራም እንደዚያው። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ። እዚሁም የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል መጀመር ትችላላችሁ።

የማርቆስ ልጅ፦
ሁላችሁንም እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ሪፈር አጽፈን ባሕር ዳር ሄደን ነበር። ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰርም ቲቢም አይደለም ተባልን። የደም ሴሉም ደህና ነው። የፕሌት ልክም ተወስዶለታል፣ ጎዙን ከመጠየቄ በፊት ራሳቸው አደረጉት።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ቀርቷል። ወንድሜ ወጣት ሳለ ዲያቆን ነበር። ከመጣ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አያውቅም፣ ከቅጽር ውጭ ቆሞ ነው የሚመለሰው። ለምን ስለው ብቆርብና ደሙ በአፍንጫዬ ቢወጣስ አለኝ። መልስ አጣሁለት። አባቶች ካላችሁ።

ቀሲስ (ቢቸና)፦
ልጄ፣ እንዲህ ብሎ መጨነቁ ራሱ ፍርሃተ እግዚአብሔር ስላለው ነው። ደስ ብሎኛል። ግን ብቻውን ፈርዶ ብቻውን አይቅር። ንስሐ አባቱን ያግኝ፣ የሆነውን ሁሉ ይንገራቸው፣ የላንቃውን ነገርም ጭምር። ንስሐውን ሲጨርስና ሲፈቀድለት፣ ከመቁረቡ በፊት ለቀዳሹ ካህን እንዲነገር ያድርግ። በሽተኛ ሲቀርብ ካህናት ጥንቃቄ ማድረግ ያውቁበታል። መሸፈኛው አፉ ውስጥ ሆኖ በደንብ መያዙን ቀድሞ በቤቱ በውኃ ይሞክረው። ከቆረበ በኋላ የሚሰጠውን ጠበል ረጋ ብሎ ይጠጣ፣ መሸፈኛውን ወዲያው አያውልቀው። ስለ ማጠቡ ንስሐ አባቱ እንዳሉት ያድርግ።

ጠበልም ይሂድ። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም። ሲጠመቅ ግን በአፍንጫው በኃይል እንዳይገባበት፣ ሲጠጣም ትንሽ ትንሽ ይጎንጭ። የመተቱን ወሬ ደግሞ አትስሙት።

የማርቆስ ልጅ፦
አባታችን ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እንዳለ አነበብኩለት። ምንም አላለም ግን ስልኬን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ አነበበው።

ሰማያዊ (ፍኖተ ሰላም)፦
ጥያቄ አለኝ፣ ክሩን ላበላሽ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ትራማዶል እየፈጨ በአፍንጫው ይስባል። እሱም እንዲህ ያደርጋል?

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)፦
እንደ ሃይድሮኮዶንና ኦክሲኮዶን ያሉ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖችን ፈጭተው የሚስቡ ሰዎች ላይ የአፍንጫ ግድግዳና የላንቃ መሞት ታይቷል። ክኒኑ ውስጥ ያለው ማጠናከሪያ ዱቄትም ለአፍንጫ ሽፋን ባዕድ ነገር ነው። ትራማዶል ደግሞ ከመጠን ሲያልፍ የሚጥል በሽታ ያስነሳል፣ ትንፋሽም ያቆማል፤ ስለዚህ ላንቃው እስኪበሳ አትጠብቁ። አፍንጫው ይደማል? ቅርፊት አለው? ሲተነፍስ ያፏጫል? ማፏጨት ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ መኖሩን ያሳያል። አሁኑኑ አስዩት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ላንቃው ላይ ጥቁር ነገር ካየ፣ ፊቱ ካበጠና ትኩሳት ካለው ነገ ዛሬ ሳይል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ያ በሰዓታት የሚሄድ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በፕሌት የሚጠበቅ አይደለም።

የማርቆስ ልጅ፦
ፕሌቱ ደርሶ ገባለት። ውኃ አይወጣም። መስታወቱን ሞክረነዋል፣ ‘ፓ’ ሲል ንጹሕ ነው፣ ‘ሳ’ ሲል ግን ትንሽ ይጨፈግጋል። ንግግሩ በጣም ተለውጧል፤ ‘ከ’ ሲል ግን ባለሙያዋ እንዳለችው ጉሮሮው ላይ ይቆርጠዋል። ትናንት ጎረቤት መጥታ ቡና ሲጠጣ አብሮን ተቀመጠ።

አሁን ያስቸገረን ፕሌቱ በቀኝ በኩል ድዱን ይፈገፍገዋል፣ ቀልቷል። እሱ በጥፍር ሞረድ ልሞርደው ይላል። ወይስ ለጥቂት ቀን ያውልቀው?

የንግግር ሕክምና ባለሙያ፦
‘ሳ’ ላይ የሚቀረው ከፕሌቱ ጠርዝም ሊሆን ይችላል፣ ከለስላሳው ላንቃም። መጀመሪያ ፕሌቱ ይስተካከል፣ ከዚያ እንፈትሸዋለን። ‘ከ’ ሲል ያለው ግን ልማድ ነው፣ ይለቃል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በቪዲዮ ልንጀምር እንችላለን።

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)፦
በፍጹም አይሞርደው። ካለቦታው ከተሞረደ አየር ማስገባት ይጀምርና እንደገና መሠራት ይኖርበታል። ሲያመው ያውልቀው፣ ለምግብ ብቻ ያድርገው፣ አፉን ለብ ባለ ጨው ውኃ ይጉመጥመጥ። ወደ ሠራው ክሊኒክ ስትመለሱ ግን ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ሙሉ ቀን አድርጎት ይዋል፤ ቀዩ ምልክት ካልታየ ሐኪሙ የትኛውን ጠርዝ መንካት እንዳለበት አያገኘውም። ቀጠሮው ሐሙስ ከሆነ ረቡዕ ቀን አያውልቀው፣ ለማታ ብቻ ያውልቀው። ቁስሉ እያደረ ከባሰ ወይም ቀዳዳው ራሱ ሰፋ ካለ ደግሞ ሐሙስን አትጠብቁ።